የስኳር ፋብሪካ አመድ የገባበት ብሎኬት እየተፈረፈረብን ነው፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበር ተደራጅተን አዳማ ላይ ብሎኬት እናመርታለን። የሲሚንቶ ዋጋ ሲያስቸግረን ከስኳር ፋብሪካ ቦይለር የሚወጣውን የአገዳ ገለባ አመድ አምጥተን የሲሚንቶውን ሲሶ በአመድ ተካን። ብሎኬቱ ከማሽን ሲወጣ ያምራል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጠርዙ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ መኪና ላይ ሲጫን ይሰበራል። የምንጠቀመው ፒፒሲ ሲሚንቶ ነው፣ የምንለካው በባልዲ። አመዱ ሜዳ ላይ ተከምሮ ንፋስ ከሚበትነው ቤት ቢሠራበት በጣም ደስ ይለናል። እባካችሁ የምታውቁ እርዱን።

ሲቪል መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሲሚንቶውን ቀይሩ። አመድ ብቻውን አይዝም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኖራ ያወጣል፤ አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ከዚያ ኖራ ጋር ተዋሕዶ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው። ፒፒሲ ላይ ግን ፋብሪካው ራሱ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭቶ ጨምሮበታል፣ ኖራውን የሚሻማ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሲሶ አመድ ሲጨመር የሚያያይዘው ነገር ያልቃል።

ኦፒሲ የሚባለውን፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ያልተቀላቀለበትን ሲሚንቶ ግዙና ከ10 በመቶ ጀምሩ፦ 45 ኪሎ ሲሚንቶ ከ5 ኪሎ አመድ ጋር። በሚዛን ይሁን። አመድ ቀላል ስለሆነ ባልዲ በባልዲ ስትተኩ የቀነሳችሁት ሲሚንቶ ከጨመራችሁት አመድ በክብደት በጣም ይበልጣል። ደግሞ በ7 ቀን አትፍረዱበት፣ አመድ ያለበት ብሎኬት ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። አመድ የሌለበትንም አብራችሁ አምርቱና ሁለቱንም በ28 ቀን ላቦራቶሪ አስጨምቃችሁ ጥንካሬያቸውን አስለኩ።

ቦይለር ላይ የሠራሁ ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ የአመዱን ቀለም አይታችኋል? ጥቁር ከሆነ በደንብ ያልተቃጠለ ገለባ አለበት። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አማስሉት፤ ላይ የሚንሳፈፈው ጥቁር ነገር ከሰል ነው። እሱ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይጠነክርም። ግራጫውን እየመረጣችሁ ውሰዱ።

ብሎኬት አምራች (አዳማ)፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ ውሃው ልጨምር። አመድ ውሃ ስለሚጠጣ ሠራተኛው ድብልቁ ደረቀ ብሎ ይጨምራል፣ ያኔ ጥንካሬው ይወርዳል። በእጅ ጨብጣችሁ ሞክሩት፦ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ ከቀረና በጣት መሃል ውሃ ካልወጣ ይበቃዋል። የአዳማ ፀሐይና ንፋስ ደግሞ ብሎኬቱን በአንድ ቀን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ደግሞ አይጠነክርም። ጥላ ሥር አድርጉት፣ እርጥብ ጆንያና ላስቲክ አልብሱት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠዋት ማታ አጠጡ። ከሲሚንቶ ቆጥባችሁ ውሃ ማጠጣት ላይ ከሰነፋችሁ ትርፍ የለውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሞከርነው፤ ላዩ ላይ ወፍራም ጥቁር ነገር ተንሳፈፈ። ግራጫውስ ሸካራ ቢሆን የእህል ወፍጮ ቤት ብናስፈጨው? ሌላም ጥያቄ አለን፦ ከፋብሪካ የድንጋይ ከሰል አመድ በነፃ ውሰዱ ተብለናል፤ እሱስ ለብሎኬት ይሆናል?

ሲቪል መሐንዲስ፦ የእህል ወፍጮ ፈጽሞ አይሆንም፣ ሰው የሚበላው ዱቄት የሚወጣበት ነው። በወንፊት ንፉት፤ እንደ ሲሚንቶ የላመውን በሲሚንቶ ፋንታ፣ ሸካራውን ከአሸዋው ትንሽ ቀንሳችሁ በእሱ ቦታ ተጠቀሙበት። ስትነፉም ስታቦኩም ማስክ አድርጉ፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

የድንጋይ ከሰል አመድ በሌላ አገር ለጡብ በሰፊው ይሠራበታል፤ ከጭስ ማውጫው ማጣሪያ የሚሰበሰበው የላመው ከሥር ከሚቀረው ሸካራ ይሻላል። ነገር ግን እንደ ከሰሉ ዓይነት አርሰኒክና እርሳስ የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩበት ይችላሉ። ሳታስመረምሩ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ አታስገቡት። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችሁ ነው፤ ናሙና ይዛችሁ ሂዱና የት እንደሚመረመር ጠይቁ። እስከዚያው የአገዳውን አመድ በ10 በመቶ ሥሩ፤ የ28 ቀኑ ውጤት ጥሩ ከሆነ 15 መሞከር ይቻላል።