የፓሬቶ ናሙና አማካይ አልረጋ አለኝ

ሰላም ወገን፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። የባቲን የሰኞ ገበያ ሽያጭ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ለማስመሰል እየሞከርኩ ነው። አብዛኛው ሰው ጥቂት ይሸጣል፤ ግመል ነድቶ የመጣው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ፓሬቶን (ብዙ ትናንሽና ጥቂት እጅግ ትላልቅ ቁጥሮች የሚሰጥ ስርጭት) መረጥኩ፦ አልፋ (ባነሰ ቁጥር ትላልቆቹ ይበዛሉ) 1.2፣ ትንሹ ሽያጭ 500 ብር።

የኑምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ፓሬቶ ከዜሮ ስለሚጀምር 1 ደምሬ በ500 አባዛሁት። ሚዲያኑ (የመሃል ቁጥሩ) 891 አካባቢ ይመጣል፤ ልክ ነው። አማካዩ ግን 3000 መሆን ሲገባው፣ 10000 ናሙና ባወጣሁ ቁጥር ይለዋወጣል። ብዙ ጊዜ ከታች ይቀራል፤ አንዳንዴ አንድ ቁጥር ብቻውን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አልፋ ከ2 ሲያንስ ቫሪያንሱ (የቁጥሮቹ መበታተን መለኪያ) ወሰን እንደሌለው አውቃለሁ።

ላይኛውን ጫፍ ልቁረጠው? ማጭበርበር ይመስለኛል። ግን ደግሞ አንድ ሰው ገበያ ከሚያወጣው ከብት ሁሉ በላይ አይሸጥም! ከቆረጥኩስ ጣሪያውን በምን ልወስን? የሠራበት ካለ ኮዱን ያሳየኝ፣ በናታችሁ።