የፋንግ የቢየሪ ቅርጾች ሊመለሱ ይገባልን?

አወያዩ፦ በጋቦን፣ በኢኳቶሪያል ጊኒና በደቡብ ካሜሩን የሚኖሩት ፋንጎች የታላላቅ ወላጆቻቸውን የራስ ቅል ከዛፍ ልጥ በተሠራ ክብ ሣጥን ያኖሩ ነበር። በሣጥኑ አፍ ላይ የሚቀመጠው የእንጨት ቅርጽ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይቀርብ ጠባቂ ነው። ሥርዓቱ ቢየሪ ይባላል። ዛሬ ጠባቂዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ያለ ሣጥናቸው ይታያሉ። ሊመለሱ ይገባልን?

የሥነ ጥበብ መምህሩ፦ በጅምላ መመለሳቸውን አልደግፍም። ለፋንግ ቤተሰብ ክቡሩ አጥንቱ ነበር፤ ቅርጹ ሲያረጅ በሌላ ይተካል፤ አንዳንዶችም አጥንቱን አስቀርተው እንጨቱን ሸጠዋል። ባለቤቱ የሸጠውን ሁሉ ተዘረፈ ማለት ሰውዬውን እንደ ሕፃን መቁጠር ይመስለኛል።

የታሪክ ተመራማሪዋ፦ ስለ አጥንቱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስለ ሽያጩ ያሉትን ግን አልቀበልም። ሚሲዮናውያን ቢየሪን እንደ ጣዖት ሲያወግዙ፣ የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደርም ሥርዓቱን ሲያዳክም፣ ሣጥኑን በቤቱ የያዘ ሰው የቀረለት መደበቅ፣ ማቃጠል ወይም መሸጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተፈጸመን ግብይት እንደ ተራ ገበያ ልንመለከተው አንችልም።

የሕግ ባለሙያው፦ ፍርድ ቤት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ቢየሪ ባይሆንም የፋንግ የሆነ፣ ንጊል የተባለው የፍርድ ማኅበር ጭምብል በ150 ዩሮ ተገዝቶ በ2022 በፈረንሳይ ሞንፔሊየ ከተማ በ4.2 ሚሊዮን ዩሮ በጨረታ ሲሸጥ፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ ሽያጩ እንዲፈርስ፣ የጋቦን መንግሥትም ጭምብሉ እንዲመለስለት ተከራክረው፣ በ2023 የአሌስ ፍርድ ቤት የሁለቱንም ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጣችው ሕግ በመንግሥት ስብስቦች ያለ የሰው አፅም ለአገሩ እንዲመለስ ይፈቅዳል፤ የእንጨት ቅርጽን ግን አይመለከትም። ባንድ ሣጥን የነበሩትን ሕጉ ለያይቷቸዋል፤ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ የብሪቲሽ ሙዚየም የመቅደላን ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም። ጠባቂው ቅርጽ ለምን ለሁሉም ይታያል?

የሥነ ጥበብ መምህሩ፦ ታቦቱን የሚጠብቅ ሕያው ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙ ፋንጎች ግን ዛሬ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሌሎቹም የአያቶቻቸውን ክብር ከክርስትና ጋር ባዋሐደው የብዊቲ እምነት ውስጥ ናቸው። ቅርጹን የሚረከበው ማን ነው? በጋቦን ዋና ከተማ በሊብረቪል ያለው ሙዚየም ወይስ የትውልድ ሐረጉ?

የታሪክ ተመራማሪዋ፦ ይህን የሚመልሱት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ እነርሱም እንዲመልሱ እያንዳንዱ ሙዚየም ቅርጹ ከየትኛው መንደር፣ በማን እጅ እንደወጣ፣ አጥንትም አብሮ ተወስዶ እንደሆነ የያዘውን መዝገብ አስቀድሞ ይግለጥ።