ኢንኩቤተር ውስጥ ላለች ልጄ የክፍሉ ጫጫታ አሳሰበኝ

አዲስ እናት፦
ሰላም እህቶቼ እንዴት ናችሁ፣ ልጄ በ30 ሳምንቷ ተወልዳ ጨቅላ ህጻናት ክፍል ከገባች ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው፣ ኪሎዋ 1.3፣ እግዚአብሔር ይመስገን እየተሻላት ነው ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ክፍሉ በጣም ይጮሃል፣ አላርሙ፣ ስልኩ፣ ወንበር ሲጎተት፣ የኢንኩቤተሩ (የምትተኛበት የማሞቂያ ሳጥን) መስኮት ጓ ብሎ ሲዘጋ እጆቿን ዘርግታ ትደነግጣለች፣ ትላንት ደግሞ ክዳኑ ላይ ብልቃጥ ሲቀመጥ የደሟ ኦክስጅን ከ94 ወደ 86 በመቶ ሲወርድ በአይኔ አየሁ። እውነት ድምጽ ይጎዳታል ወይስ እኔ ነኝ የምጨነቀው? ብናገርስ ነርሶቹ ይቀየሙኛል?

የጨቅላ ክፍል ነርስ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ያየሽው ልክ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ድንገት ድምጽ ሲሰማ የልብ ምቱ ይቀያየራል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ እንቅልፉም ይቆራረጣል፣ የሚያድገው ደግሞ ተኝቶ ነው። የአሜሪካ የህጻናት ሀኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1997 ከ45 ዴሲቤል (የድምጽ መለኪያ ነው) በላይ የሆነ ጫጫታ ያሳስባል ብሏል፣ ተራ ወሬያችን ራሱ 60 አካባቢ ነው እኮ! ኢንኩቤተሩ የውጭ ወሬ ትንሽ ቢቀንስም ክዳኑን የነካ ነገር ግን ውስጥ ላለው ልጅ እንደ ከበሮ ነው፣ በጣት ማንኳኳት እንኳን። ስለዚህ መስኮቱን ስትዘጊ መቆለፊያውን ይዘሽ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው፣ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥ፣ ስልክሽ ሳይለንት ይሁን። ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ ትንፋሽ የሚያግዝ መሳሪያ) ላይ ከሆነች ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሲንቦቀቦቅ ንገሪን እናፈሰዋለን። አላርም ግን በፍጹም ራስሽ እንዳታጠፊ፣ ጥሪን። እውነቱን ልንገርሽ ሺፍት ስንቀያየር የኛ ድምጽ ከማሽኑ ይበልጣል፣ እና ተናገሪ፣ "ሲስተርዬ ትደነግጥብኛለች" ካልሽን አንቀየምም።

የመንታ እናት፦
አይዞሽ እህቴ የኔዎቹ በ31 ሳምንት ተወልደው አሁን 3 አመታቸው ነው ቤቱን በጩኸት አፍርሰውታል። ካንጋሮ (ልጅን ቆዳ ለቆዳ ደረት ላይ ማቀፍ) ይፈቀድልኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ደረቴ ላይ ሳደርጋቸው ክፍሉ ያው ክፍል ነው ግን እጃቸው ይላላል፣ ትንፋሻቸው ይረጋል። ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ እንዳትከቺ፣ እኔ ላደርግ ስል ሲስተሯ ናት ያስጣለችኝ። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የጆሮ ምርመራ ጠይቂ፣ በተለይ ጄንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስዳ ከሆነ፣ እሱ መድሀኒት ጆሮ ሊነካ ይችላል።

አንድ አባት፦
ታዲያ ጭራሽ አናውራቸው ማለት ነው? እኔ በገባሁ ቁጥር ወንድ ልጄን አጫውተው ነበር

የጨቅላ ክፍል ነርስ፦
ኧረ አውራው ወንድሜ! ጸጥታ ሲባል የናትና ያባት ድምጽ ይጥፋ አይደለም፣ ሆድ ውስጥ ሆኖ የለመደው የናቱን ድምጽ ነው። ነቅቶ ሲሆን ጠጋ ብለህ በለሆሳስ፣ ከተኛ ግን ተወው። የሚያደክመው ድንገተኛውና ማብቂያ የሌለው ጫጫታ ነው።

አዲስ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ እየፈራሁ ነገርኳት፣ ሲስተሯ ምንም ሳትል ፕላስተር ላይ "ቀስ" ብላ ጽፋ መስኮቱ ላይ ለጠፈችልኝ። የካንጋሮውን ነገር ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ ዶክተሩን እጠይቀዋለሁ።