የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዳኝነት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ለምን ይለዋወጣል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለኮሌጃችን ቡድን እጫወታለሁ። በቅርቡ ከሜዳችን ውጭ ባደረግነው ጨዋታ በመጀመሪያው ሩብ የተጋጣሚዬን ክንድ በጣቴ ጫፍ ስለነካሁ ፊሽካ ተነፋብኝ፤ ለእረፍት ሳንወጣም ሦስተኛ ጥፋቴ ስለተመዘገበ አሠልጣኛችን አስወጣኝ። በአራተኛው ሩብ ግን ጓደኛዬ ወደ ቅርጫቱ ዘልሎ ሳለ በደረት ተገፍቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ክርኑ ተልጦ ደም እየወጣው ሲነሣ ጨዋታው ቀጥሎ ነበር። ቅር ያሰኘኝ ዳኝነቱ መጥበቁ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ ኖሮ ሁላችንም እጃችንን እንሰበስብ ነበር። በተጨማሪም ተከላካያችን ቆሞ ሁለት ጊዜ ሲገጭ አንዱ የአጥቂ፣ ሌላው የተከላካይ ጥፋት ተባለ። መመዘኛው ምንድን ነው?

መልስ (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ ዳኛ ስለነበርኩ የሁለተኛውን ጥያቄህን ላስረዳ። እኛ በምንዳኝበት በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ተከላካዩ ሕጋዊ ቦታውን መያዝ ያለበት አጥቂው ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ደግሞ ከ2023-24 የውድድር ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወንዶች ጨዋታ አጥቂው ለመዝለል እግሩን ከመትከሉ በፊት መሆን አለበት ብለው አጥብቀውታል። የእነሱን ጨዋታ በስልክ እያየ ያደገ ተጫዋች በእኛ ሜዳ ትክክለኛ ውሳኔ ሲሰጥ እንኳ የተበደለ ሊመስለው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን፣ ተከላካዩ ውስጡ ቆሞ ቢገጭ በአጥቂው ላይ ጥፋት የማይያዝበት፣ ከቅርጫቱ ሥር የሚሰመረው ግማሽ ክብ በብዙ ሜዳዎቻችን ላይ አለመቀባቱ ነው፤ መስመሩ ከሌለ ዳኛው በግምት ይፈርዳል። በአሜሪካ ኮሌጆች ሦስት ዳኞች ሜዳውን ሲከፋፈሉት እዚህ ሁለት ሆነን ስንሮጥ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ የሚደረግ ግፊያ ከዓይናችን ያመልጣል።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦
በጋሼ ማብራሪያ ብስማማም፣ የጠያቂው ዋና ቅሬታ ሳይመለስ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። እንደ አሠልጣኝ ደጋግሜ ያየሁት፣ ደጋፊው ከመስመሩ አንድ እርምጃ ርቆ በሚጮኽበት ሜዳ ላይ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲደርሱ «ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይወስኑ» በሚል ፊሽካው ዝም እንደሚል ነው። ይህ ገለልተኝነት አይደለም፤ ለገፊው ማድላት ነው። በአንድ ሩብ ከአምስተኛው የቡድን ጥፋት ጀምሮ እየወረወረ ላልነበረ ተጫዋች ጭምር ሁለት ነፃ ውርወራ ይሰጣል፤ ተጫዋችም በአምስት ጥፋት ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሩብ በቀላል ንክኪ የተያዘ ጥፋት ዋጋው የሚከፈለው መጨረሻ ላይ ነው፤ የዚያኑ ጊዜ መለኪያው ሲላላ ቀድሞ የተቀጣው ቡድን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እኔ አምበሌን ሁልጊዜ የማዝዘው ኳስ በቆመበት ጊዜ በጨዋነት ቀርቦ «እንዲህ ያለው ንክኪ ዛሬ ጥፋት ነው ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። አብዛኞቹ ዳኞች ይመልሳሉ፤ የመለሱትንም ያከብራሉ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ግማሽ ክቡን ራሳችን ልንቀባው አስበናል፤ ልኩን ቢነግሩን?

መልስ (ባሕር ዳር)፦
ከኋላው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ወደ ሜዳው ለካና ሚስማር ምታ፤ ይህ የቅርጫቱ መካከል ትክክለኛ ሥር ነው። ከሚስማሩ 1.25 ሜትር ሲባጎ ወጥረህ በኖራ አዙረው፤ የቀለሙ ውስጠኛ ጠርዝ እዚያ ላይ ይረፍ።

ጠያቂ፦
ቅዳሜ ጠዋት እንቀባዋለን። ያን ቀን የተጫወትንበት ሜዳም መስመሩ ስለሌለው ልኩን ለአምበላቸው ዛሬውኑ እልክለታለሁ።