ኤልኤም1117 ጭነት ሲዘል ይርገበገባል

ጥያቄ፦ ሰላም። ከ5 ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ ኤልኤም1117 የቮልቴጅ ሬጉሌተር ቺፕ ነው፤ መውጫው ላይ 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር አለ። ዋይፋዩ መላክ ሲጀምር ጭነቱ ከ80 ወደ 350 ሚሊአምፒር ይዘላል፣ ቮልቴጁም ወርዶ ሰባት ስምንት ጊዜ ይርገበገባል። ሌላ ሴራሚክ ልጨምርበት?

መልስ፦ አትጨምር። ይህ ቺፕ የተሠራው ለታንታለም ካፓሲተር ነው፤ የመውጫው ካፓሲተር ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከ0.3 እስከ 22 ኦም መሆን አለበት። ሴራሚክ ያለው ጥቂት ሚሊኦም ብቻ ስለሆነ የፊድባክ ሉፑ (ቺፑ መውጫውን እያየ ራሱን የሚያስተካክልበት ዑደት) መረጋጊያ ያጣል። 22 ማይክሮፋራድ ታንታለም አድርግ። ከሌለህ ከሴራሚኩ ጋር በተከታታይ 0.5 ኦም አስገባ። ከዚያ ብዙ አትለፍ፦ የ270 ሚሊአምፒር ዝላይ በ0.5 ኦም ብቻ 135 ሚሊቮልት ያወርዳል።

ሌላ መልስ፦ ሬዚስተሩ በካፓሲተሩ እግር ላይ እንጂ በጭነቱ መስመር ላይ እንዳይገባ! በኦሲሎስኮፕ ስትለካ ደግሞ የፕሮቡን (የመለኪያ ዘንጉን) ረጅም የግራውንድ ሽቦ አውልቀህ አጭሩን ስፕሪንግ ተጠቀም፤ አለዚያ የምታየው ርግብግቢት ከፊሉ የሽቦው ነው። መግቢያውንም እይ። ቺፑ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ወደ 1.2 ቮልት ልዩነት ይፈልጋል፤ በቀጭን ኬብል ምክንያት 5 ቮልቱ ከ4.5 በታች ከወረደ የትኛውም ካፓሲተር አያድነውም።

ጠያቂው፦ ታንታለሙን ካስገባሁ የድሮው ሴራሚክ ይቅር?

መልስ፦ አዎ፣ አንሳው። ዋይፋዩ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ካለ ግን እሱ ይቆይ።