የ2000 ሞዴል ኤም 5 በብርዱ አልሞቅ አለችኝ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ፣ ከዴንቨር፦ ጤና ይስጥልኝ። ቢኤምደብሊው ኤም 5 መኪናዬ ዛሬ ጠዋት 20 ደቂቃ ሙሉ በሚኒሞ (ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) ብትሠራም የሙቀት ጠቋሚዋ ከሰማያዊው ክልል አልወጣም፤ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይነፍሳል። ሳላሞቅ ነድቼ ስለማላውቅ ግራ ገብቶኛል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራ መግባት አለብኝ።

የቀድሞ መካኒክ፦ ልጄ፣ እኛ ሙያውን የተማርነው በካርቡራተር (ነዳጅንና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅል መሣሪያ) በሚሠሩ መኪኖች ነበር፤ እነርሱ ሳይሞቁ ሲነዱ ይጠፉ ስለነበር ማሞቅ ግድ ነበር። ያንተዋ ግን የነዳጁን መጠን በኮምፒውተር ስለምታመጣጥን፣ ዘይቱ እስኪዳረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀህ በዝግታ መንዳት ይበቃሃል። ሞተር በሚኒሞ ቶሎ አይሞቅም፤ በብርድ ጊዜ በብዛት የሚረጨው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል።

ከአውሮራ፦ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ክፍል) ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ይሆናል፤ ይቀይሩት።

ሌላ አባል፦ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን 20 ደቂቃ ሠርቶ ያልሞቀ ሞተር ብልሽት አለበት። ከሁሉ በፊት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ ልክ ይመልከቱ፤ ትኩስ እያለ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ። ልኩ ካልጎደለ ሞተሩን አስነሥተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያጥፉትና ራዲያተሩን ይዳስሱ፤ ጠቋሚው መሐል ሳይደርስ ራዲያተሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሞቀ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ለዛሬ በዝግታ መንዳት ይችላሉ፤ ውሃው ጎድሎ ከሆነ ግን አይንዱ።

ከአውሮራ፦ እኔም ቴርሞስታት ነው ብያለሁ፤ የእኔንም በዚሁ ምክንያት ነው የቀየርሁት።

ሌላ ባለ ኤም 5፦ ውሃው ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በዙር መቁጠሪያው ላይ ያሉት ቢጫ መብራቶች የሚጠፉት ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ነውና፣ ከተጠገነችም በኋላ እነርሱ እስኪጠፉ ድረስ ሞተሩን አያስጩኹት። በር በተዘጋ ማቆሚያ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያሙቋት፤ ጭሱ ይገድላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው ከምልክቱ በታች ወርዷል። ሞልቼ ልሂድ?

ሌላ አባል፦ ውሃ ያለ ምክንያት አይጎድልም፤ የት እንደሚፈስ ሳይታወቅ አይንዷት፣ ዛሬን በታክሲ ይሂዱ። መኪናዋ ካደረችበት ቦታ ሥር እርጥበት ይታያል?