«ውለዱ» ሲሉን ለምን እንዲህ ያናድደናል?

የአንድ ልጅ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ስለሆነ ነው የምጽፈው። 36 ዓመቴ ነው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ሁለተኛ ልጅ እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴም ይፈልጋል። እንግዲህ መንግሥታት «ውለዱ፣ እናግዛችኋለን» ሲሉ ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደሜ ነው የሚፈላው።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ላውራችሁ። የልጄ ማቆያ የሚዘጋው አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው። እኔም ከሥራ የምወጣው አስራ አንድ ተኩል ነው። ሌላ ቀን ባለቤቴ ነው የሚያመጣት፤ የዚያን ቀን ግን ለሥራ ወጥቶ ነበር። አለቃዬን «ሃያ ደቂቃ ቀደም ብዬ ልውጣ» ብዬ ለመንኩት። «መጀመሪያ ሪፖርቱን ጨርሺ» አለኝ። ስደርስ አስራ ሁለት ሊሆን ነው። የክፍሎቹ መብራት ጠፍቷል። ልጄ ቦርሳዋን እንዳዘለች የጥበቃው ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው ያደረገችው፤ ሌላውን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። አላለቀሰችም። «ሁሉም ሄዱ» ብቻ አለችኝ።

ያን ማታ እሷን አስተኝቼ ስለ ወሊድ መጠን መውረድ ሳነብ አመሸሁ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በደቡብ ኮሪያ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው ልጅ በ2023 ወደ 0.72 ወርዶ ነበር። የሕዝብ ቁጥር ሳይቀንስ እንዲቀጥል 2.1 ገደማ ያስፈልጋል። ያስጨንቃል፣ አልክድም። ግን እዚያው አገር መንግሥት በ2016 መጨረሻ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? በየአካባቢው የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ስንት እንደሆኑ በቁጥር የሚያሳይ ካርታ ድረ ገጽ ላይ አወጣ። ቁጣው ሲበረታ ወዲያው አነሱት። በዚያው ዓመት የጣሊያን ጤና ሚኒስቴር «የመውለድ አቅም ቀን» ብሎ ዘመቻ ጀመረ። አንዱ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሴት ጊዜ የሚቆጥር የአሸዋ ብርጭቆ ይዛ ትታያለች። ውበት ዕድሜ እንደሌለው፣ የመውለድ አቅም ግን እንዳለው ይነግራታል። ሥራ አጥቶ ከወላጆቹ ቤት መውጣት ላልቻለ ወጣት የሚነገር ነገር ነው ይሄ?

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ይመስለኛል። ማህፀኔን ይቆጥሩታል፤ ሰዓቴን የሚቆጥርልኝ ግን የለም። የእናንተስ? ሁለተኛ የወለዳችሁ፣ ምን አገዛችሁ?

የመንታ አባት

እህቴ፣ ስለ ጫማዋ ያልሽው አንጀቴን በላው።

እኔ መንታ ስለመጣልን ሁለተኛውን የመወሰን ዕድል አልነበረኝም። ድጋፍ ተብሎ የተሰጠን ገንዘብ ነበር። አንዴ ተሰጠን፣ በወሩ አለቀ። ኪራዩ ግን በየወሩ ይመጣል። ከሁሉ የጎዳኝ የአባት ፈቃድ ስጠይቅ የሆነው ነው። ሕጉ ይፈቅድልኛል። አለቃዬ ግን «የወለደችው ሚስትህ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። የሰው ዓይን ፈርቼ ግማሹን ሳልወስድ ተመለስኩ። ሚስቴ ሁለት ሕፃን ይዛ ብቻዋን ቀረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለካ የእኔ ብቻ አይደለም። ጃፓን ለአባቶች ረጅም ፈቃድ በሕግ ሰጥታ፣ በ2012 የወሰዱት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም ነበር። ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው እንዲጠይቁ ሕግ ሲያስገድዳቸው ቁጥሩ ይበልጥ ተነሣ፤ በ2023 ከመቶ 30 ደርሷል። መብት ወረቀት ላይ ሲሆንና አለቃህ ራሱ «መቼ ነው የምትወጣው?» ብሎ ሲጠይቅህ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ልጅ አልፈልግም

እኔ እንኳን ሁለተኛ አንደኛም አልፈልግም። ውሳኔዬ ነው፤ ይከበርልኝ። «እናግዛችሁ» የሚለው ቃል ወደ «እናስገድዳችሁ» ሲቀየር ታሪክ አይቷል። ሮማኒያ በ1966 ፅንስ ማቋረጥን ከለከለች። በዓመቱ የወሊድ መጠኑ ወደ እጥፍ ገደማ ዘለለ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መውረድ ጀመረ። ሕጉ እስከ 1989 መጨረሻ ቆየ። ብዙ ሺህ ሴቶች በድብቅ ሲያስወርዱ ሞቱ። መንግሥት ስለ ማህፀን ማውራት ሲጀምር የምፈራው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው

ሁላችሁንም እረዳለሁ፤ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። የጡረታ ሒሳብ ነው የምሠራው። የዛሬውን ጡረተኛ የሚከፍለው የዛሬ ሠራተኛ ነው። ከፋዩ እያነሰ ተቀባዩ ከበዛ፣ ወይ መዋጮው ይጨምራል ወይ ጡረታው ይቀንሳል። መንግሥት ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ደግሞ «ማቆያና ፈቃድ ቢሟላ ሁሉም ይወልዳል» የምትሉትን ቁጥሩ አይደግፈውም። ፊንላንድን ተመልከቱ። የሕፃን ልብስና ዕቃ የሞላ ሳጥን ለእናቶች መስጠት የጀመረችው በ1938 ነው። ዛሬ ለእናትም ለአባትም ለየብቻቸው ክፍያ ያለው 160 የፈቃድ ቀን አላቸው። በ2023 ግን በአንዲት ሴት 1.26 ልጅ ላይ ነበረች። ሀንጋሪ ደግሞ አራት ልጅ ያሳደገች እናት ዕድሜ ልኳን የገቢ ግብር እንዳትከፍል አደረገች። ለዓመታት ከፍ ብሎ የነበረው መጠን በ2024 ተመልሶ ከ1.4 በታች ወርዷል። ጠያቂዋ፣ ለዚህ ምን ትያለሽ? ለክርክር ሳይሆን መልሱ ስለጠፋኝ ነው።

የአምስት ልጆች እናት

ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጃለሁ። በእኔ ጊዜ የሚባለው «ቀንሱ» ነበር። አሁን ደግሞ «ጨምሩ»። ቻይና ከአንድ በላይ የወለደን ስትቀጣ ኖራ፣ በ2016 ሁለት፣ በ2021 ሦስት ፈቀደች። ሲንጋፖርም በሁለት አቁሙ ስትል ቆይታ በ1987 አቅሙ ያላችሁ ሦስትና ከዚያ በላይ ውለዱ አለች። ሰው እንደ ቧንቧ ሲፈልጉ የሚዘጋ ሲፈልጉ የሚከፈት አይደለም።

አምስቱን ብቻዬን አላሳደግኳቸውም። እናቴ ነበረች፣ እህቶቼ ነበሩ፣ የጎረቤት እጅ ነበር። ያን ቀን ስልክ ደውለሽ «ልጄን አንሺልኝ» የምትያት አንዲት ሴት ብትኖር ኖሮ አታለቅሺም ነበር። ማልቀስሽን አልነገርሽንም፤ ግን አውቃለሁ።

የአንድ ልጅ እናት (ጠያቂ)

እማዬ፣ አዎ፣ አልቅሻለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እንዳትሰማኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ጥያቄህን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። እውነትህን ነው፤ የፊንላንዱን ማስተባበል አልችልም። ምናልባት እዚያ ብዙዎቹ ሳይፈልጉ ቀርተው ይሆናል፤ ከላይ ያለችው እህታችን እንዳለችው፣ ያ መብታቸው ነው። እኔ የምከራከረው ፈልገው ላጡት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በ14 አገሮች ሰዎችን ጠይቆ ነበር። የሚፈልጉትን ያህል ልጅ እንዳይኖራቸው ካደረጓቸው ነገሮች መካከል የገንዘብ አቅምን የጠቀሱት ከመቶ 39 ናቸው። ልጅ ሳይጠሉ የቀሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እኔም አንዷ ነኝ። ማቆያው እስከ አንድ ሰዓት ቢከፈት የአገሬ የወሊድ መጠን ላይነቃነቅ ይችላል። እሱን አላውቅም። ልጄ ግን ጨለማ ውስጥ አትቀመጥም። ድጋፉ የሚለካው በሚወለደው ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ አልነሣ ሲል «አልሠራም» ብለው ያቋርጡታል። ያኔ እኛ ምን እንሆናለን?

የመንታ አባት፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ሰኞ አለቃውን በሳምንት ሁለት ቀን አስር ሰዓት ላይ ልውጣ ብሎ በጽሑፍ ሊጠይቅ ነው። ደብዳቤውን አብረን እየጻፍን ነው። እርስዎ ፈቃዱን ሲጠይቁ በቃል ነበር ወይስ በጽሑፍ? ዛሬ ቢሆን ምን ብለው ይጽፉ ነበር?